አራተኛው ገመድ

ሪፍዓት አቡልኸይር ጉረኛ አልነበረም። አንድ ነገር ሲነሣ ግን አፉን የሚይዝለት ሰው አልተገኘም። «በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ፣» ይላል ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ሰው እያወራ መሃል ላይ ገመድ ነቅዬ አላውቅም!» በእስክንድርያ ቴሌፎን ማዕከል ሥራ የገባው፣ ሰው ከሰው በእጅ ይገናኝ በነበረበት ዘመን ነው። ገመዱን ከዚህ ቀዳዳ መዞ እዚያኛው ላይ ይሰካል፤ ካይሮ ያለችው እናት አስዋን ካለው ልጇ ትገናኛለች። አለቃው ከኋላው ቆሞ «ሰዓቱ ሞልቷል፣ ንቀል!» ሲለው፣ ከወዲያ በኩል የሚያለቅስ ድምፅ ከሰማ እንዳልሰማ ሆኖ ሌላ ሥራ ይነካካ ነበር። ደመወዙን በዚህ የተነሣ ሁለቴ ተቀጥቷል፤ እሱንም እንደ ሜዳልያ ነው የሚያወራው።

ሙሐረም ቤክ ሰፈር ያለው የነሱ ሕንፃ ሰው ይህን ታሪክ ከመስማቱ ብዛት በቃሉ ይዞታል። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው የስፖርት አስተማሪ ሹክሪ ደግሞ ደረጃ ላይ ባየው ቁጥር ገና ከሩቁ፣ «ባሽሙሀንዲስ፣ ዛሬስ ነቀልክ?» ይለዋል። ሪፍዓትም «አልነቀልኩም!» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ሪፍዓት የምህንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ግን በዚያ ሰፈር ሽቦ የሚነካ ሁሉ ባሽሙሀንዲስ ነው፤ ወረቀትህን አሳይ የሚል የለም።

ጡረታ ወጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ከሚስቱ ከዒናያት ጋር ተቀምጦ ሳለ ነው ሐኪሙ ያን ነገር የተናገረው። የዒናያት ዓይን ከውስጥ ግፊት አለበት፤ ብርሃኗ ከዳር ዳር እየጠበበ ይሄዳል፤ አንድ ዓመት ቢቆይላት ነው። ሐኪም ሲናገር ደግሞ ምን ያህል ቀላል ነው እናንተ! «ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ አሁን እዪው፣» አላትና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ዒናያት ማየት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ልጇ ኢሃብ ሚላኖ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል። በጀልባ ነው የሄደው። ወረቀት የለውም፤ ከወጣ መመለሻ የለውም። ስድስት ዓመት ሆነው። ድምፁን በስልክ ትሰማዋለች፤ ፊቱ ግን ሄደ በቃ። የዚያን ቀን ከሐኪሙ ሲመለሱ ትራም ውስጥ የባሏን እጅጌ ይዛ፣ «አቡ ኢሃብ፣ ሌላ አልለምንህም፣» አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ። «ብርሃኔ ሳይጠፋ የልጄን ፊት አንዴ በደንብ ልየው። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። ከዚያ ጨለማው ይምጣ፤ ውስጤ ያስቀመጥኩት ይኖረኛል።» ሪፍዓት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ እስከ ፌርማታቸው ድረስ ሄደ።

መጀመሪያ ሰፈሩ ካለው የኢንተርኔት ቤት ወሰዳት። ጎረምሶቹ በጨዋታ ሰው እየገደሉ ይጮኻሉ፤ እሷ አፍንጫዋን ከኮምፒውተሩ መስታወት አጣብቃ ልጇን ትፈልጋለች። የቤቱ ባለቤት፣ «ሐጃ፣ ኧረ አትሳሚው፣ ይቆሽሻል!» ብሎ ቀለደ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዒናያት መጎናጸፊያዋን አስተካክላ ወጣች፤ ሁለተኛ እዚያ እግሯ አልረገጠም።

«እንግዲያው ኢንተርኔቱን ቤታችን አስገባልሻለሁ፣» አለ ሪፍዓት። የመስመሩ ዋጋ ለአንድ ቤት ብቻውን ከባድ ነው፤ በእስክንድርያ ሰው እንደሚያደርገው ለሕንፃው ሰው ነገረ። ስድስት ቤት «አለንበት» አለ። መስመሩ በሪፍዓት ስልክ ይገባል፤ ከሱ ሳሎን ወደየቤቱ ይከፋፈላል።

ያን ሥራ ሲሠራ ያየ ሰው ሃያ ዓመት የቀነሰ ይመስለው ነበር። በሕንፃው መሃል ልብስ የሚሰጣበት የአየር ጉድጓድ አለ፤ የማእድ ቤቱ መስኮት ሁሉ ወደዚያ ነው የሚከፈተው። ሴቶቹ አትክልትና ዳቦ ከታች የሚያወጡበትን ዘንቢል በገመድ አውርደው፣ እሱ የሽቦውን ጥቅልል ዘንቢሉ ውስጥ እያስቀመጠ «ሳቢ! ያዝ! ቀስ!» እያለ ከቤት ቤት አዳረሰው። ችግሩ ጫፉ ላይ መጣ። የቴሌፎን ሰው ሁለት ሽቦ ከነካካ ድምፅ ያልፋል ብሎ ነው የሚያምነው፤ ይሄ ግን ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ነው፣ የቀለሙ ተራ አንድ ከተዛነፈ ሞተ። የመጀመሪያዎቹን ጫፎች እንደ ድሮ ልማዱ እንደመጣለት ሰክቶ በፒንሳ ጨመቃቸው፤ አንዱም አልበራም። ሁለት ቀን ራሱን ሲረግም ቆየ። በኋላ ዕቃውን የሸጠለት ልጅ የቀለሙን ተራ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጽፎ ሰጠው፤ እሱን እንደ ጸሎት እየደገመ ሁሉንም ቆርጦ እንደገና ሠራ።

ባለ ስምንት ቀዳዳዋን ማከፋፈያ ሳጥን ሳሎኑ በር አጠገብ ሰቀላት፤ መጋረጃም አደረገላት። በየገመዱ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፈ። ሰው ሲጠቀም የቀዳዳው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አራተኛው ገመድ ከሥራቸው፣ ሁለተኛ ፎቅ ወዳለችው ወደ ሰኒያ ቤት ይወርዳል። የሰኒያ ባል ፋውዚ ኩዌት ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል፤ በዓመት አንድ ወር ይመጣል። ልጅ አልወለዱም። መብራቷ መጀመሪያ ብልጭ ያለ ቀን ሰኒያ በጉድጓዱ በኩል አንገቷን ወደ ላይ አውጥታ፣ «ባሽሙሀንዲስ፣ እጅህ ይባረክ! ሰውዬዬ ራሰ በራ ሆኖ አገኘሁት፣ ደብቆኝ ኖሯል!» ብላ ጮኸች፤ ሕንፃው ሁሉ ሰማ።

ኢሃብ ዕረፍቱ ዓርብ ከሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዓርብ ዒናያት ጸጉሯን ሸፍና፣ ከንፈሯን በቫዝሊን አብሳ ሪፍዓት በገዛላት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ኢሃብ መስመር ላይ መሆኑን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክት በራ። «እማ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፊቱ ግን የተበተነ ድንጋይ ሆነ፤ አንዱ ጉንጩ ወዲህ፣ አገጩ ወዲያ፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን። ከዚያ ደረቀ። ድምፁ ይናገራል፣ አፉ ግን እንደተከፈተ ቀርቷል። ዒናያት ደህናውም ሰው የማይለየውን ነገር በዚያ በጠበበ ዓይኗ ስትፈልግ ስትፈልግ ቆይታ፣ «የታለ?» አለች። «አቡ ኢሃብ፣ የታለ? እኔ ነኝ ያላየሁት ወይስ የለም?» ሪፍዓት ወደ ሳሎን ወጥቶ መጋረጃውን ገለጠ። ሰባቱም መብራት እንደ ሠርግ ቤት ይንቀለቀላል። ከዓርብ ሶላት በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፤ ሰው ሁሉ መስመሩን ይጠባል።

በማግስቱ ጎረቤቶቹን ደረጃ ላይ ሰብስቦ ለመናቸው። «አንድ ሰዓት ብቻ። ዓርብ ከሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ተዉልኝ፤ ለሚስቴ፣ ለኡም ኢሃብ ዓይን ብላችሁ።»

«ባሽሙሀንዲስ፣ የሳምንት ዕረፍቴ እኮ እሷው ናት!» አለ ሹክሪ። «ለትግሉ ፊልም ስድስት ቀን ስጠብቅ ቆይቼ ሊወርድልኝ ትንሽ ሲቀረው ላቋርጠው?»

«አንተ ስፖርት የምታስተምር ነህ ወይስ ሶፋ ላይ ተጋድመህ የሰው ትግል የምታይ?» አለችው ሰኒያ። «ሆድህን እየው እስቲ! እኔ ሰዓቴን ለኡም ኢሃብ ሰጥቻለሁ። ፋውዚን ቅዳሜ አገኘዋለሁ፣ የትም አይሄድብኝ።»

የቀሩት «ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ» እያሉ ደረጃውን ወጡ። እንዲህ ያለውን ኢንሻአላህ ሪፍዓት ያውቀዋል። በሚቀጥለው ዓርብ ከሰኒያ በቀር ሁሉም መብራት በርቶ አገኘው፤ ኢሃብም እንደገና የድንጋይ ክምር ሆኖ መጣ። ዒናያት ከወንበሩ ሳትነሣ እጇን በጭኗ መሃል አድርጋ፣ «ግዴለም፣» አለች። «ድምፁ ደህና ነው።» ይህ ግዴለም ነው ሪፍዓትን የገደለው። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

በሦስተኛው ዓርብ መጋረጃውን ገልጦ የሹክሪን ገመድ ነቀለ። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን። አራተኛውን አልነካውም፤ የሰኒያ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ቃሏን ጠብቃለች። ሰዎቹ በር እያንኳኩ «ምን ሆነ?» ሲሉት፣ «ከማዕከሉ ነው፣» አላቸው። «አንድ ሰዓት ታገሡ፣ ይመለሳል።» ማን ይጠረጥረዋል? ነቅዬ አላውቅም የሚለው ሰው እኮ እሱ ነው። ያን ቀን የኢሃብ ፊት ተሰበሰበ፤ ገና ጭጋግ ነበረው፣ ግን ፊት ነበር። «ግንባሩን አየሁት!» አለች ዒናያት። «ግንባሩ የአባቴ ነው!» ሪፍዓት ሳሎን ቆሞ ሰማት። ስለ ገመዱ አልነገራትም። ራሱንም «ምን አለበት? አንድ ሰዓት እኮ ናት፣ የነሱ ጨዋታ ነው፣ የሷ ግን ዓይን ነው» ብሎ አሳመነ። ሰው ራሱን ለማሳመን ጠበቃ መች ያጣል!

እንዲህ እንዲህ እያለ የክረምቱ የመጀመሪያ ማዕበል ገባ። እስክንድርያዎች መጥረጊያዋ የሚሏት፣ በኅዳር መጥታ ጎዳናውን ጠርጋ የምትሄደው ዝናብ ናት። ዝናብ ሲሆን መስመሩ ራሱ ይዳከማል። የዒናያትም ዓይን በዚያ ሳምንት ብሶባት ነበር፤ ሻይ ስትቀዳ ብርጭቆውን ስታ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። «ዛሬ በደንብ ካላየሁት እንጃ፣» አለች ዓርብ ጠዋት። ሪፍዓት ከመስጊድ በሩጫ ተመልሶ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። የሰኒያ መብራት በርቷል። ብልጭ ብቻ ሳይሆን ሳያቋርጥ ይርገበገባል፤ ካሜራ ከፍታለች ማለት ነው።

«ረስታ ነው፣» አለ ለራሱ። «ሰዓቴን ሰጥቻለሁ ብላ የለ? ረስታ ነው።» ነቀለው።

ደቂቃ አልሞላም፣ በሩ ተደበደበ። ሰኒያ ናት፤ በባዶ እግሯ፣ ጸጉሯ ላይ ምንም ሳታደርግ። «ባሽሙሀንዲስ፣ ተቋረጠ! ፋውዚ እያወራኝ ነበር፣ ተቋረጠ!»

ሪፍዓት በሩን በገላው ሸፈነ። መጋረጃው እንደተገለጠ ነው፤ አንድ እርምጃ ብትገባ የተንጠለጠሉትን ገመዶች ታያለች። «ከማዕከሉ ነው፣» አለ። «ዝናቡ ነው። ታገሺ፣ ይመለሳል።»

«መቼ? በአላህ፣ መቼ?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«አንድ ሰዓት የለኝም እኮ!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሌላ ነገር ልትናገር የፈለገች መሰለ፤ ተወችው። «አፈር ስሆን፣ አንዴ እየው። አንተ ታውቅበታለህ።»

«አየዋለሁ። ግቢ፣ አየዋለሁ፣» አለና በሩን ዘጋ። በእውነትም ሊሰካው ነበር። አራተኛውን ገመድ በእጁ ይዞ ነበር። ያን ጊዜ ዒናያት ከውስጥ፣ «ና፣ ና! አረንጓዴ በራ! ኢሃብ ሊገባ ነው!» አለች። አምስት ደቂቃ ትጠብቅ፣ አለ ሪፍዓት በልቡ። ልጁን አንዴ ትየውና እሰካዋለሁ። ገመዱን ለቀቀው።

አረንጓዴው በርቶ ጠፋ። ዒናያት ጠበቀች። ሪፍዓት ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ። ዝናቡ ጉድጓዱ ውስጥ የተሰጣውን ልብስ ሲመታው ይሰማል። አምስት ደቂቃው አሥር ሆነ፣ አሥሩ ግማሽ ሰዓት። በየመሃሉ አሁን ሊመጣ ነው፣ አሁን ነቅነቅ ካደረግኩት ፊቱ ይበተናል እያለ አራተኛውን ሳይሰካ ቆየ። ሰዓቱ ሞላ። ኢሃብ አልመጣም። ሪፍዓት ገመዶቹን መለሰ፤ የሰኒያን ከሁሉ አስቀድሞ ሰካ። መብራቷ አንዴ በርቶ ዝም አለ።

እሑድ ጠዋት በጉድጓዱ በኩል ጩኸት ወጣ። በሕንፃው ያለ ሴት ሁሉ በየማእድ ቤቱ መስኮት ብቅ አለ። ፋውዚ ኩዌት ውስጥ ሞቷል።

ነገሩን ሪፍዓት የሰማው ልቅሶ ቤት በር ላይ ወንበር ሲደረድር ነው። ሰኒያ ከውስጥ ለሴቶቹ ትናገራለች። ፋውዚ ልቡን ታሞ ዓርብ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበረው። ለማንም አልነገሩም፤ በሽታ ከተወራ ይከብዳል፣ ዓይን ይገባዋል ብለው። ልብሱንና ስልኩን ሆስፒታሉ ተረክቦታል። እዚያ በሽተኛ በአልጋ የሚገፋ አንድ የደመንሁር ልጅ፣ ያገሬ ሰው ነው ብሎ አዝኖ የራሱን ኮምፒውተር አልጋው ላይ አስቀመጠለት፤ እስኪወስዱህ ሚስትህን አናግራት አለው። «ቀልዶኝ ነበር እኮ፣» ትላለች ሰኒያ። «ስቆ ነበር። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለና፣ ሰኒያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትረሺ አለኝ። እንዳትረሺ አለና ጠፋ። ወሰዱት። አልነቃም።» ሪፍዓት የያዘውን ወንበር መሬት አስነካና ራሱ ተቀመጠበት። ሰዎች የደከመው መስሏቸው ውሃ አመጡለት። ከዚያ ተነሥቶ ለሐዘኑ ድንኳን አምፖሎቹን ዘረጋ፤ በሰፈሩ ሽቦ የሚያውቅ እሱ ነዋ!

ሕንፃው ለሟች ክብር ጸጥ አለ። ቴሌቪዥን የከፈተ የለም፣ ሬዲዮ የከፈተ የለም። ሹክሪ እንኳ ልጆቹን ተቆጥቶ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ሸፈነው፤ ቀልዱንም ተወ። በቀጣዩ ዓርብ ሪፍዓት መጋረጃውን ሲገልጥ ከራሱ በቀር አንድ መብራት አልነበረም። ገመዶቹ ሁሉ በየቀዳዳቸው ተሰክተዋል፤ እጁን አላሳረፈባቸውም። መስመሩ በሙሉ የሱ ብቻ ነው።

ከውስጥ የዒናያት ጩኸት ተሰማ። «አየሁት! አቡ ኢሃብ፣ ና! አየሁት፣ ጠባሳዋ! ጠባሳዋን አየኋት!» ኢሃብ እንደ መስታወት ጠርቶ መጥቷል። ጥርሱ ይታያል። የሸሚዙ ቁልፍ ይታያል። «እማ፣ ባለፈው ይቅርታ፣» ይላል፣ «አንዱ ሠራተኛ ቀርቶ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሥራ ጠርቶኝ ነው። ገና ስከፍተው ጠራኝ።» እሷ የት ሰምታው፤ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቅንድቡን ትዳስሳለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። የለመነችውን አገኘች። «የሠራኸውን አላህ ይክፈልህ፣» አለችው ባሏን ሳትዞር። ሪፍዓት በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ልጁ «አባ፣ ና እንጂ ልይህ!» ሲለው ሳሎን ወጥቶ በጨለማው ማከፋፈያ ፊት ቁጭ አለ። ስድስት ዓመት የናፈቀውን ልጅ ቀና ብሎ የሚያይበት ፊት አልነበረውም።

በአርባው ሰኒያ ለነፍሱ የሠራችውን ሩዝ በወተት በየቤቱ አደለች። ለነሪፍዓት ራሷ ይዛ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። ሳህኑን ለሪፍዓት ሰጠችውና አልሄድ አለች።

«ባሽሙሀንዲስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እብድ ነች እንዳትለኝ።»

«ጠይቂኝ።»

«መስመሩ ሲቋረጥ ፋውዚ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገረው… የሆነ ቦታ ይቀራል? ሽቦው ውስጥም ይሁን፣ ማዕከሉ ውስጥ? አንተ የነሱ ሰው ነህ፤ ፈልጉልኝ ብትላቸው?»

ሪፍዓት ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ። «አይቀርም፣ ሰኒያ።»

«ምንም?»

«ምንም አይቀርም።»

«አንተ ካልክ የለም ማለት ነው፣» አለች። «አርባ ቀን ሙሉ ‹እንዳትረሺ› ምንን? እላለሁ። ምናልባት እንደ ሁልጊዜው በሩን ሁለቴ ቆልፊ ሊል ይሆናል። ሁሌ እሱን ነበር የሚለኝ፤ ብቻዋን ናት ብሎ ይፈራል። ግን ለበር ነገር እንደዚያ ይኮሳተራል? ሌላ ነው። ሌላ ነገር ነበር።» ደረጃውን እንደ አሮጊት ግድግዳ ይዛ ወረደች።

ዒናያት ማንኪያ አመጣች። እሱ አልበላም። የሟች ሳህን ፊትህ ቀርቦ አለመቅመስ ነውር ነው፤ ዒናያትም ገርሟት «ምነው?» አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት። ገመዶቹን፣ ማዕከሉን፣ በሩን በገላው መሸፈኑን። ዒናያት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«በኔ ዓይን አሳበህ ነው ያደረግኸው፣» አለች። «የልጄን ፊት ዓይኔ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። አሁን እሱን ባሰብኩ ቁጥር የማየው ሌላ ነው። ምነው ያኔውኑ በታወርኩ!»

«ዒናያት…»

«ሂድና ንገራት። የባሏን ቃል ካንተ ዘንድ እየፈለገች ትኑር? ሂድ።»

ባዶ ሳህን አይመለስም። ዒናያት ሳህኑን አጥባ በዳበሳ መንደሪን ሞላችበት፤ ዓይኗ በዚያን ጊዜ የፊቷን እንጂ የጎኗን አያሳያትም ነበር። ሪፍዓት ሁለት ቀን ሳህኑን እያየው ቆየና በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ሲመለስ፣ ወረደ። አሥራ ስምንት ደረጃ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በሩጫ የወረደበት።

ሰኒያ ከፈተች። «ኧረ ምን አስቸገራችሁ!» አለች መንደሪኑን አይታ፤ ትንሽ ፈገግ አለች።

«ሰኒያ፣ መስመሩ ከማዕከሉ አልተቋረጠም።» ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። በእጄ።»

እንድትጮህበት ፈልጎ ነበር። በጉድጓዱ በኩል ለሕንፃው ሁሉ ብትናገር፣ በጫማ ብትመታው። እሷ ግን ዓይኗን ከመንደሪኑ ወደሱ አነሣች።

«የኔን?»

«የሁሉንም። ያንቺን መጨረሻ።»

«መጥቼ በርህ ላይ ስለምንህስ?»

«ነቅዬው ነበር።»

«ያኔ ብትሰካው ኖሮ?»

ሪፍዓት የሽቦ ሰው ነው፤ መልሱን ያውቀዋል። «ይመለስ ነበር፣» አለ።

ሰኒያ የበሩን ጠርዝ ያዘች። «ሰዓቴን እኮ ሰጥቻት ነበር፣» አለች ቀስ ብላ። «ያን አንድ ቀን ብቻ ነው የወሰድኩት።»

«አውቃለሁ።»

ከሥር መንገድ ላይ የነጭ ጋዝ ሻጩ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ። እሷ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። «እሺ፣» አለች። «እሺ፣ ለዓይኗ ነው። ያን ቀን ልጇን በደንብ አየችው?»

ሪፍዓት መልሱ አፉ ላይ መጣለት። አዎ፣ አየችው። አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ ለሰኒያም የምትይዘው ነገር ይሆናት ነበር፣ የኔ ቀርቶ የሷ ደረሰላት የምትለው። ግን በላይኛው በር ላይ ቆሞ አንዴ ዋሽቷታል።

«አልመጣም፣» አለ። «ኢሃብ ያን ቀን ሥራ ተጠርቶ አልገባም። ሰዓቱን ሙሉ ጠበቅን። ማንም አልመጣም።»

ሰኒያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የሰማችውን ነገር ቦታ እንዳስያዘች ሁሉ። ከዚያ ሳህኑን ተቀብላ መንደሪኖቹን እያነሣች አንድ በአንድ በእጁ፣ እጁ ሲሞላ በክንዱ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር። ሳታንገላታው፣ ሳትቸኩል። አንዱ ወድቆ በደረጃው ተንከባለለ። ሳህኗን ይዛ ገባች። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማ።

መንደሪኖቹን በክንዱ አቅፎ እዚያው እንደቆመ ሹክሪ ከታች እያፏጨ ወጣ። አርባው ስላለፈ ጠባዩ ተመልሶለታል። የተንከባለለውን መንደሪን ከደረጃው አነሣና ወደ ላይ አይቶት፣ «ባሽሙሀንዲስ፣ ዛሬስ ነቀልክ?» አለው።

«ነቀልኩ፣» አለ ሪፍዓት።

ሹክሪ ከት ብሎ ሳቀና መንደሪኑን እየላጠ አልፎት ወጣ።